የሎሚ ዘይቱና የፍሪሲዮኑ ሽታ

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። የ21 ዓመት ወጣት ነኝ። በአንድ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የአውቶ መካኒክ ሰልጣኝ ስሆን፣ ከሳምንቱ ከፊሉን ኮሌጅ፣ ከፊሉን ደግሞ በትብብር ስልጠና አንድ ጋራዥ ውስጥ አሳልፋለሁ። ጋራዥ ውስጥ ዘይቱና ናፍጣው እየሸተተኝ ስሠራ ሁሉም ነገር ይመጣልኛል። ያንኑ ሥራ ኮሌጅ ገብቼ ስጠየቅ ግን ድርቅ እላለሁ። የሲኦሲ (የሙያ ብቃት) ምዘናዬ ደርሷል፤ የሚካሄደውም ረግጬው በማላውቀው ማዕከል ነው። ዱባይ ያለችው አክስቴ ‹ስታጠኚ ይህን አሽትቺ፣ ፈተናው ላይም አሽትቺው፣ ሁሉም ትዝ ይልሻል› ብላ አንድ ብልቃጥ የሎሚ ዘይት ላከችልኝ። እውነት ይሠራል? ሌላው፣ የጋራዡ አለቃችን ኮፈን ሳይከፍቱ አሽትተው ብቻ ‹ይሄ ፍሪሲዮን (ክላች) ነው፣ ያኛው ዘይት ነው› ይላሉ። ለእኔ ግን የተቃጠለ ነገር ሁሉ አንድ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በኮሮና ታምሜ ለወራት ምንም አይሸተኝም ነበር፤ አሁንም እንደ ድሮው አይመስለኝም። ሙያውን ልተወው ይሆን?» — ሰልጣኟ፣ ከአዳማ

መልስ፦

ውድ እህቴ፣ ሙያውን አትተዪው። ይህን አስቀድሜ የምነግርሽ የቀረውን በተረጋጋ ልብ እንድታነቢው ነው።

የአክስትሽ ምክር ከመሬት ተነሥቶ የተባለ አይደለም። ዓይን ያየው፣ ጆሮ የሰማው፣ እጅ የነካው ሁሉ መጀመሪያ ታላመስ በሚባለው የአንጎል ክፍል በኩል አልፎ ነው ወደየቦታው የሚከፋፈለው። ጠረን ግን ይህን ማከፋፈያ አይጠብቅም። ከአፍንጫ ጣሪያ ተነሥቶ ከግንባር አጥንት ጀርባ ወዳለው የማሽተቻ ክፍል ይገባል፤ ከዚያም ስሜትን የሚያስተናግደው አሚግዳላና ትዝታን የሚያደራጀው ሂፖካምፐስ አጠገብ በአጭር መንገድ ይደርሳል። የልጅነት ቤትሽን ጢስ የሚመስል ነገር ድንገት ሲሸትሽ ሆድሽ ባር ባር የሚለው ለዚህ ነው። አንድ ነገር ግን ለይተሽ ያዢ፦ ጠረን የሚያመጣው ትዝታ ስሜቱ ይበረታል እንጂ ከሌላው ትዝታ የበለጠ ትክክል ነው ማለት አይደለም። ሲኦሲ ላይ የሚጠቅምሽ ደግሞ ትክክሉ ነው።

አክስትሽ ያለችው ዓይነት ነገር በሙከራ ተፈትኗል። በ1990 እ.ኤ.አ. ፍራንክ ሻብ የተባለ ተመራማሪ ተማሪዎችን የቸኮሌት ጠረን ባለበት ክፍል አስቀምጦ ለተሰጧቸው ቃላት ተቃራኒ እንዲጽፉ አደረገ። በማግስቱ የጻፏቸውን ቃላት እንዲያስታውሱ ሲጠየቁ፣ በሁለቱም ቀን ቸኮሌት የሸተታቸው ከሌሎቹ ይበልጥ አስታወሱ። በ2020 ደግሞ ደቡብ ጀርመን ውስጥ የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎች የእንግሊዝኛ ቃላት ሲያጠኑ ጠረጴዛቸው ላይ፣ ሲተኙም አልጋቸው አጠገብ የጽጌረዳ ጠረን ያለው እንጨት እንዲያኖሩ ተደርጎ የተሻለ ውጤት አመጡ። ጥናቱ በሁለት ክፍሎች ልጆች ላይ ብቻ የተሠራ ስለሆነ ተስፋሽን ሁሉ አትጣይበት፤ ግን የሚናቅ አይደለም።

በሁለቱም ሙከራዎች የተጠናው ነገር ግን ቃላት ነው። መፍቻ የያዘ እጅ አይደለም።

ልዩነቱን በደንብ ያሳየው በ2007 በጀርመን ሉቤክ የተሠራው ሙከራ ነው። ሰዎች ማታ ስክሪን ላይ የተገለበጡ ካርዶች የት የት እንዳሉ እንዲይዙ ሲደረግ የጽጌረዳ ጠረን ይለቀቅላቸዋል። ሌሊት በጥልቁ እንቅልፍ ላይ ሳሉ ያው ጠረን በቀስታ ተመልሶ ይለቀቃል። በማግስቱ የካርዶቹን ቦታ የማስታወስ ችሎታቸው በግልጽ ተሻለ። እነዚሁ ተመራማሪዎች ጣቶችን በተወሰነ ቅደም ተከተል በፍጥነት የመምታት ልምምድም ሰጥተው ነበር። እዚያ ላይ ጽጌረዳው ምንም አልፈየደም። በ2016 አንድ የሞንትሪያል ቡድን ሌላኛው የእንቅልፍ ደረጃ ላይ ጠረን በመልቀቅ የጣት ቅደም ተከተልን ማጠናከር መቻሉን አሳይቷል፤ ይህ ግን የሆነው ጭንቅላታቸው ላይ ሽቦ ተለጥፎ እንቅልፋቸው የት እንደደረሰ በማሽን እየታየ ነው። አንቺ ቤት ያለችው ብልቃጥ የትኛው ደረጃ ላይ እንዳለሽ አታውቅም።

ስለዚህ ብልቃጧን ለቲዎሪው ተጠቀሚባት። የፍንዳታ ቅደም ተከተል፣ የብሎን ማጥበቂያ ልክ፣ የቮልቴጅና የግፊት መለኪያዎች፣ የደኅንነት ደንቦች፣ በአጠቃላይ በቃል የሚያዘው ሁሉ። ጠረኑ የዚያ ጥናት ብቻ ይሁን፤ ስልክ ስትነካኪም ስትበዪም የሚሸትሽ ከሆነ ምልክትነቱ ይጠፋል። በነገራችን ላይ ለዚህ ሥራ ዕጣን አይመከርም፤ ቡና በተፈላ ቁጥር የሚጨስ ነገር አንጎልሽ ውስጥ ከሺህ ነገር ጋር ተያይዟል። በምዘናው ቀን መሐረብ ላይ አንድ ጠብታ ይበቃል። እጅሽ ላይ ግን አትቀቢው፦ መፍቻ ያንሸራትታል፣ ከዚያም በላይ ከሎሚ ልጣጭ ተጨምቆ የወጣ ዘይት የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያርፍበት ሊቃጠል ይችላል።

አሁን ወደ እጅሽ እንምጣ።

ኤች.ኤም. ተብሎ ሲጠራ የኖረ፣ በ2008 ሲሞት ስሙ ሄንሪ ሞሌሰን መሆኑ የተነገረ አሜሪካዊ ነበር። በ1953 በ27 ዓመቱ ከባድ የሚጥል በሽታውን ለማስቆም በተደረገለት ቀዶ ሕክምና ከአንጎሉ ከግራም ከቀኝም ሂፖካምፐስና አካባቢው ተወሰደ። ከዚያ ወዲህ አዲስ ነገር ትዝ አይለውም፤ ያነጋገረው ሰው ከክፍሉ ወጥቶ ሲመለስ እንደ እንግዳ ነው የሚቀበለው። ብሬንዳ ሚልነር የተባለች ተመራማሪ ይህን ሰው ወረቀት ላይ ያለ ኮከብ በመስታወት ብቻ እያየ በእርሳስ እንዲከተል አደረገችው። ሞክሪው፣ እጅ ሁሉ ወደ ተቃራኒው ነው የሚሄደው። ሄንሪ ግን ከቀን ወደ ቀን እየተሻሻለ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ጥሩ አድርጎ እየሠራው፣ ከዚያ በፊት ሠርቼው አላውቅም ይል ነበር። እጁ ተማረ፤ ባለቤቱ መማሩን አያውቅም። ይኸው ሰው በኋላ አፍንጫውም ተፈትኖ ነበር፦ አንድ ነገር መሽተቱን ያውቃል፣ ምን እንደሆነ ግን ከሌላው መለየት አይችልም።

የአንድ ሰው ታሪክ ሁሉን አያስረዳም፤ አንቺን የሚመለከት አንድ ነገር ግን ይነግርሻል። የእጅ ትምህርት የሚቀመጠው ሌላ ቦታ ነው፣ የሚጠነክረውም በሌላ መንገድ፣ በመደጋገም። የጋራዡ ሽታ መፍታትና መግጠሙን አላስተማረሽም፤ ስትማሪ አብሮሽ ነበረ እንጂ። ከእሱ ጋር አብረው የነበሩ ሌሎችም አሉ፦ የአለቃሽ ድምፅ፣ 12 ቁጥር መፍቻ ሁልጊዜ የሚንጠለጠልበት ሚስማር፣ ዘወትር የሚመጡት ያው አሮጌ ሚኒባሶች። እነዚህ ሁሉ ሳታውቂው ቀጥሎ የሚሠራውን ይጠቁሙሻል። ኮሌጅ ስትገቢ ጠቋሚዎችሽ ሁሉ በአንዴ ጠፉ። ድርቅ የምትዪው ስለዚህ እንጂ ስለማታውቂ አይደለም።

ጋራዡን በብልቃጥ ይዘሽ መሄድ ስለማትችዪ፣ ያለሽ አማራጭ ሥራውን ከጋራዡ ማላቀቅ ነው። በ1978 ስሚዝ፣ ግሌንበርግና ብዮርክ የተባሉ ተመራማሪዎች አንድን የቃላት ዝርዝር ሁለት ጊዜ አስጠኑ፤ አንዳንዶቹን ሁለቱንም ጊዜ አንድ ክፍል ውስጥ፣ ሌሎቹን በተለያዩ ሁለት ክፍሎች። አዲስ ሦስተኛ ክፍል ውስጥ ሲጠየቁ በሁለት ክፍሎች ያጠኑት በለጡ። የአንቺም ምዘና ሦስተኛ ክፍል ነው። ለእጅ ሥራም ልምምድን ማቀያየር እንደሚጠቅም የሚያሳዩ ሌሎች ሙከራዎች ስላሉ ይህን ምክር ያለ ስጋት እሰጥሻለሁ።

እንግዲህ የፍሬን ሸራ መቀየርን ወይም ካንዴላ አውጥቶ መመርመርን ጋራዥ ውስጥ ብቻ አትሥሪ። ኮሌጁ ወርክሾፕ ውስጥ ድገሚው፤ ጓደኛሽ የምትሠለጥንበት ጋራዥ በአንድ ቅዳሜ ብታስገባሽ እዚያም ሥሪው። ሌላ ሞዴል መኪና ላይ፣ በሌላ ሰው የመሣሪያ ሳጥን፣ በሌላ ክሪክ። ባዶ መማሪያ ክፍል ውስጥ ወንበር ፊት ቆመሽ በባዶ እጅሽ ቅደም ተከተሉን ከጎማ ማላላት ጀምሮ እስከ መጨረሻው ብሎን አድርጊው፣ እያንዳንዱንም ጮክ ብለሽ ተናገሪ። የሚያየኝ ሰው ይስቅብኛል ብለሽ አትፈሪ፤ መዛኙ ፊት ከመድረቅ ይሻላል። መዛኝ ደግሞ «ለምን?» ብሎ ይጠይቃል፣ የጋራዥ አለቃ ግን ብዙ ጊዜ አይጠይቅም፤ ስለዚህ አፍሽም ከእጅሽ እኩል ልምምድ ያስፈልገዋል። ማዕከሉን አስቀድመሽ ማየት የሚፈቀድ እንደሆነ ኮሌጁን ጠይቂ። ከተፈቀደ ሄደሽ የመሣሪያ ሰሌዳው የት እንዳለ፣ መብራቱ ከየት እንደሚመጣ እይ።

ይህን ካልኩ በኋላ ከጥያቄዎችሽ ሁሉ ወደምወደው ልሂድ። የሎሚ ዘይት በጥናትሽ ላይ የሚጨመር ጠረን ነው። የፍሪሲዮን ሽታ ግን ራሱ ትምህርቱ ነው።

አለቃሽ የሚለዩት አፍንጫቸው ከአንቺ አፍንጫ ስለበለጠ አይመስለኝም። ሰው ሁሉ ጠረን ሲሸተው ስሙን በመጥራት ደካማ ነው፤ ቤቱ ውስጥ በየቀኑ የሚያገኘውን ነገር እንኳ ዓይኑን ጨፍኖ ሲያሸት «አውቀዋለሁ፣ ግን ምን ነበር?» ይላል። ዊልያም ኬን የተባለ ተመራማሪ በ1979 ያሳየው ግን ይህ ድክመት እንደሚታረም ነው፦ ሰዎቹ ሲሳሳቱ ትክክለኛው ስም እየተነገራቸው ሲለማመዱ በግልጽ ይሻሻላሉ። የጎደላቸው አፍንጫ ሳይሆን ከጠረኑ ጋር የታሰረ ስም ነበር።

አገራችን ውስጥ ይህን እንደ ሙያ የሚማሩ ሰዎች አሉ፤ ቡና ቀማሾች። ሠልጣኞቹ መጀመሪያ የተፈጨውን ደረቁን ያሸታሉ፣ ቀጥሎ ፈላ ያለ ውሃ ሲፈስበት፣ ከ4 ደቂቃ በኋላ ደግሞ ላዩ ላይ የረጋውን በማንኪያ ሰብረው፣ ከዚያ በኋላ ነው በማንኪያ ሳብ አድርገው የሚቀምሱት። ለማሠልጠኛ የሚሆን 36 ትናንሽ ብልቃጦች ያሉት የፈረንሳይ ሣጥንም አለ፤ እያንዳንዱ ብልቃጥ ቡና ውስጥ የሚገኝ አንድ ጠረን ይዟል፣ ሰልጣኙ ቁጥሩን ብቻ እያየ ስሙን ይጠራል። ጀማሪው «ይሸታል» ከማለት አያልፍም። የሠለጠነው ግን ይሄ ሻጋታ ነው፣ ያኛው ከመጠን በላይ የተብላላ ነው፣ ይሄኛው አፈር የነካው ነው ይላል፤ እያንዳንዱም ስም ቡናው አጠባ ላይ ወይስ መጋዘን ውስጥ እንደተበላሸ ይጠቁመዋል።

አንቺም «የተቃጠለ» የምትዪውን አንድ ስም መሰነጣጠቅ ነው ያለብሽ። አንድ የምሥራች ልንገርሽ፦ ፍሪሲዮንና ፍሬን አንድ ቢመስሉሽ አልተሳሳትሽም። ሁለቱም ሸራዎች ፌኖል በሚባል ሙጫ የተጣበቁ ስለሆኑ ሲግሉ የሚያወጡት ሽታ ዘመዳሞች ናቸው። አለቃሽ የሚለዩዋቸው በጠረኑ ብቻ ሳይሆን መቼና ከየት እንደመጣ በማየትም ነው። ዳገት ላይ ሲነሣ፣ ሾፌሩ ፔዳል ላይ እግሩን ጥሎ ሲነዳ ከወለሉ በኩል የሚመጣ ከሆነ ፍሪሲዮን ነው። ቁልቁለት ከወረደ በኋላ ከአንድ ጎማ በኩል ብቻ የሚመጣ፣ ቸርኬውም ከሌሎቹ የጋለ ከሆነ የያዘ ፍሬን ወይም ሳይለቀቅ የቀረ የእጅ ፍሬን ነው። እጅሽን ቸርኬው ላይ እንዳታሳርፊ፤ አጠገቡ ስታደርጊው ሙቀቱ ይነግርሻል።

የተቃጠለ ዘይት ሌላ ነው፤ ከባድ፣ ቅባታም፣ ከኮፈኑ ስር የሚነሣ። ብዙ ጊዜ የቫልቭ ክዳኑ ጓርኒሲዮን (በመሃል የሚገባው ማሸጊያ) አርጅቶ ዘይቱ የጋለው የጭስ መውጫ ብረት ላይ ሲንጠባጠብ ነው። መኪናው ሲሄድ ነፋሱ ስለሚወስደው ሾፌሩ «መብራት ላይ ስቆም ብቻ ነው የሚሸተኝ» ይልሻል። ይህን ዓረፍተ ነገር ከሰማሽ ግማሹን መንገድ ሄደሻል። የተቃጠለ ሽቦ ደግሞ ዓይንና ጉሮሮ የሚቆነጥጥ የፕላስቲክ ሽታ አለው፤ እሱ ሲሸትሽ ምርመራው ይቆይና መጀመሪያ ሞተሩን አጥፍተሽ የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ንቀዪ።

ከተቃጠለው ውጪ ደግሞ አለ። መጽሐፍሽ የራዲያተር ማቀዝቀዣ ጣፋጭ ይሸታል ይላል፤ መኪናው ውስጥ ከሸተተ የማሞቂያው ራዲያተር ያፈስሳል፣ ከማርሚታ (ከጭስ ማውጫው) ነጭ ጭስ ጋር ከወጣ የቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ጓርኒሲዮን ሄዷል። እውነት ነው፣ ግን የሚሸተው ውሃ ሳይሆን የተቀላቀለው ግላይኮል ነው። እኛ ዘንድ ስንቱ መኪና ራዲያተሩ ውስጥ የቧንቧ ውሃ ብቻ ይዞ ነው የሚሄደው! እንዲህ ያለው መኪና ጓርኒሲዮኑ ቢነድም ጣፋጭ አይሸትሽም፤ ባይሸትሽ አፍንጫዬ ነው ብለሽ አትዘኚ። ግላይኮል ሽታው ቢጣፍጥም ሲጠጣ መርዝ ነው፣ የቀዳሽውን በለስላሳ ጠርሙስ አታስቀምጪ።

የተበላሸ እንቁላል ከባትሪው በኩል ከሸተተ ብዙ ጊዜ ዲናሞው ከልክ በላይ እየሞላ ባትሪውን እያፈላው ነው። የዘይት መለኪያውን መዝዘሽ ቤንዚን ቤንዚን ካለሽ ነዳጅ ወደ ዘይቱ እየወረደ ነው። የካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) እና የዲፈረንሻል ዘይት ደግሞ ድኝ ያለበት ቅመም ስለሚጨመርበት አዲስ ሳለም ይከረፋል፤ ስለ ከረፋ ብቻ ተበላሽቷል እንዳትዪ።

እንዴት ትለማመጂያለሽ? ኪስሽ ውስጥ አንዲት ደብተር ያዢ። መኪና ሲገባ፣ ኮፈን ከመከፈቱ በፊት፣ የሸተተሽንና የገመትሽውን ጻፊ፤ ተሸፋፍኖ የማይቀር ግምት ይሁን፣ «ዘይት፣ ከቫልቭ ክዳን» ብለሽ ቁረጪ። ከተፈታ በኋላ የተገኘውን ከሥሩ ጻፊ። የሚያስተምርሽ የሁለቱ ልዩነት ነው፤ መልሱ ከታወቀ በኋላ «እኔም መስሎኝ ነበር» ማለት ግን ምንም አያስተምርም። ሥራ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ክዳን ባላቸው የመስታወት ዕቃዎች ውስጥ የሞተር ዘይት የነካ ጨርቅ፣ የካምቢዮ ዘይት የነካ ጨርቅ፣ የተቃጠለ ሽቦ ቁራጭ፣ ጥቂት የራዲያተር ማቀዝቀዣ አኑረሽ ቁጥር ለጥፊባቸው፣ አንድ ሰልጣኝ ያቀያይርልሽ። አፍንጫሽን አታስገቢ፤ በእጅሽ ወደ ራስሽ አራግቢው። ቤንዚን እዚያ ውስጥ አይግባ፤ ውስጡ ቤንዚዪን (benzene) የተባለ ካንሰር የሚያመጣ ቅመም አለ፣ ያለ ልምምድም በቂ ትስቢያለሽ። አሮጌ የፍሬንና የፍሪሲዮን ሸራም አይግባ፤ አቧራው ሳንባ የሚጎዳው አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል በኮምፕሬሰርም አይነፋም።

አፍንጫ በደቂቃዎች ውስጥ እንደሚለምድ ደግሞ አትርሺ። ጠዋት ጋራዡ በር ላይ የሚሸትሽ ነገር ከጥቂት ጊዜ በኋላ የለም፤ እሱ ግን አለ። ስለዚህ የደንበኛን መኪና በደረሰበት ቅጽበት፣ በተቻለ መጠን ደጅ ሳለ አሽትቺው። መስታወቱ ስር ሽቶ የተንጠለጠለበት ታክሲ ከሆነ አውርደሽ በሮቹን ከፍተሽ ጠብቂ።

አፍንጫሽን የማታምኚባቸው ቦታዎችም አሉ፤ እዚህ ላይ ኮስተር ልበል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ጠረን የለውም። በር ዘግቶ ሞተር ማስነሣት ብርድም ቢሆን፣ ዝናብም ቢሆን አይደረግም። የቤንዚን ተን ከአየር ስለሚከብድ መኪና ስር ገብተው የሚሠሩበት ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል፤ ላይ ቆመሽ ሳይሸትሽ ታች ሊኖር ይችላል። ያ የእንቁላል ሽታ ያለው ጋዝ ሲበዛ ደግሞ አፍንጫን ያደነዝዛል፤ ሽታው ድንገት ጠፋ ማለት ጋዙ ጠፋ ማለት አይደለም። ከባትሪው የሚወጣው ሃይድሮጅን በአንዲት ብልጭታ ስለሚፈነዳም ቻርጀሩን ከግድግዳው አጥፍተሽ አየር አስገቢ፣ ከዚያ በኋላ ነው ገመድ የሚነካው።

ወደ ኮሮናው ልመለስ። ከቫይረስ በኋላ የተዳከመ የማሽተት ችሎታን ለመመለስ ሐኪሞች የሚያዝዙት ቀላል ልምምድ አለ። ቶማስ ሁሜል የተባሉ ጀርመናዊ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው በ2009 ያሳተሙት ነው፦ ጽጌረዳ፣ ባሕር ዛፍ፣ ሎሚና ቅርንፉድ፣ ጠዋትና ማታ፣ ለ12 ሳምንታት። እያንዳንዱን ለጥቂት ሰከንድ፣ ልብሽን ሰብስበሽ፣ ጠረኑ ድሮ እንዴት እንደነበር እያስታወስሽ ታሸቻለሽ። ሁሉንም ሰው አላዳነም፤ ከተለማመዱት ውስጥ የተሻላቸው ካልተለማመዱት ይበዛሉ። ቅርንፉዱ ከጉሊት ይገኛል፣ ባሕር ዛፉ ከደጅሽ፣ ሎሚውን አክስትሽ ልካልሻለች። ለዚህ የምትጠቀሚ ከሆነ ግን ለጥናቱ ሌላ ጠረን ፈልጊ፤ አንዱ ለሁለት ሥራ አይሆንም። ጎን ለጎንም የአንገት በላይ ሐኪም አንድ ጊዜ ይይሽ፤ አፍንጫ ውስጥ የበቀለ ሥጋ ወይም የቆየ ሳይነስ ከሆነ ሕክምና አለው።

ጠረኑ ሙሉ በሙሉ ባይመለስስ? ለአለቃሽ ንገሪያቸው። ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ አብሮሽ የሚሠራ ሰው ነዳጅ ሲፈስስ እንደማይሸትሽ ማወቁ ደግሞ ለሁላችሁም ደኅንነት ነው። ሙያው ራሱ መለኪያ ሞልቶታል። የዲናሞን ከልክ በላይ መሙላት መልቲሜትር በቁጥር ይነግርሻል፣ የቴስታታን ጓርኒሲዮን የራዲያተር ግፊት መሞከሪያ ይነግርሻል። አገራችን በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለች ወዲህ ደጅሽ የሚመጡት የኤሌክትሪክ መኪኖችም እየበዙ ይሄዳሉ። ፍሪሲዮንም ማርሚታም የላቸውም፤ ከዚህ ሁሉ ጠረን በአብዛኛው የሚተርፈው ፍሬኑ፣ የተቃጠለው ሽቦና ማቀዝቀዣው ነው። አንድ አዲስ ግን ይጨመራል፦ ከትልቁ ባትሪ በኩል ጣፋጭ የቀለም ማቅጠኛ ዓይነት ሽታ ከመጣ ባትሪው ተበላሽቶ ጋዝ እየተነፈሰ ሊሆን ስለሚችል አትመርምሪው፣ ሰውን ሁሉ ይዘሽ ውጪ።

ለምዘናው ቀን አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። የቀረበልሽ መኪና አንድ ነገር ቢሸትሽና ብታውቂው ደስ ብሎሽ ወዲያው መፍቻ እንዳታነሺ። የሸተተሽን ለመዛኙ ንገሪ፣ የጠረጠርሽውን ንገሪ፣ በምን መሣሪያ እንደምታረጋግጪው ንገሪ፣ ለኪ፣ ከዚያ ፍቺ።